ሦስት ኮከብ

ሊየፓያ፣ ነፋስ ተወለደባት በሚሏት የባልቲክ ወደብ፣
ታሊቫልዲስ ቤተ መጻሕፍታችን መጣ፣ መጽሐፍ ሳይሆን ሥራ ሊያነብ።
ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የገመድ ፋብሪካው ጥቅምት ላይ ተዘጋ፤
ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ፣ ከሦስተኛው ኮምፒውተር ጋ።
ሃያ ዘጠኝ ዓመት የመርከብ ገመድ የገመደበት ጣት
ማውሱን እንደ እንቁላል ጨበጠው፣ በስስት፣ በፍርሃት።

«ፎቶ ያስፈልጋል» አልኩት። ኮቱን እስከ አንገቱ ቆለፈ፤
«ፈገግ በል» ብለው፣ ይባስ ብሎ ግንባሩ ታጠፈ፤
«ሙያ» በሚለው ሳጥን ውስጥ «ገመድ» ብቻ ጻፈ።
«ሌላስ?» ብለው፣ «ገመድ መች አንድ ነው» አለ፤
«የመልሕቅ አለ፣ የሸራ አለ፣ የሰመጠ ሰው የሚያወጣ አለ።»
ሁሉንም ጻፍኩለት።

ሳምንት ሳይሞላ የጥንት ባልደረቦቹ ከየአገሩ ብቅ አሉ፤
አንዱ ከሮተርዳም፣ አንዷ ከበርገን፣ «አለህ ወይ?» እያሉ።
ለሃያ ዓመት «እንዴት አደርክ» ብቻ የሚለው ክሬን ነጂው ቪልኒስ
«ጭነት አንስቻለሁ በገመዱ» ብሎ መሰከረ፣ «አንዴም ሳይበጠስ።»
ታሊቫልዲስ መነጽሩን አውልቆ በሹራቡ ጫፍ ጠረገ፤
ጉም አልነበረበትም፤ ዓይኑ ነው ምክንያት የፈለገ።

ከዚያ ኮከብ ቆጣሪ ሆንን፣ በቀን፣ ከማሞቂያው ፊት፤
አንዱ ድርጅት አንድ ተኩል፣ አንዱ አራት፣ አንዱ ሙሉ አምስት።
አምስቱን አልወደደውም። «ሁሉ የሚያመሰግነው ቤት
ወይ ትናንት የተከፈተ ነው፣ ወይ አለቃው ራሱ ይጽፋል ሌሊት።»
አንዱ ጋ፣ «ደመወዝ በቀኑ፣ ስድብ በየቀኑ» ይላል፤
ሌላው ጋ፣ «የሌሊት ፈረቃ ይበዛል፤ ሾርባው ግን ይጣፍጣል።»
ስም የለውም ማንም። ስሙን የደበቀ ሰው ሐሜት ይቀናዋል፤
እውነትንም የሚደፍራት ግን ያኔ ነው፣ ይመስለኛል።
ሳሩን የሚያሳይ ማስታወቂያ በየግድግዳው ሞልቷል፤
ገደሉን የሚናገር ግን አንዴ የወደቀበት ይሆናል።

አንዱን ገጽ አሳትሞ፣ አራት አጥፎ፣ ኪሱ ከተተ።
ከቦዩ ማዶ ያለው የመረብ ፋብሪካ ነው። ሦስት ኮከብ።

«የሁለተኛው ፎቅ መስኮት አይገጥምም፤ ሹራብ ያዙ።
አለቃው ይጮኻል፤ ይቅርታም ይጠይቃል።
አዲስ ሰው ብቻውን ምሳ እንዲበላ አይተዉትም።
መስኮቱ ቢጠገን አራት እሰጥ ነበር።»

ማክሰኞ ሄደ። በማግስቱ መጥቶ ነገረኝ፣
ቆሞ፣ ጓንቱን ሳያወልቅ።
የፈተነችው ስካይድሪቴ የምትባል ሴት ናት፣
ፀጉሯን በእርሳስ የጠቀለለች።
ስለ ቋጠሮ ጠየቀችው፤ መለሰ።
ስለ ዕድሜው ልትጠይቅ አፏን ከፈተች፤ ተወችው።
በመጨረሻ «አንተስ የምትጠይቀን አለ?» ስትለው፣
ሌላው ደመወዝ በሚያነሳበት ቦታ፣
እሱ «መስኮቱ ተጠገነ ወይ?» አላት።

የምትጽፍበት እጅ ቆመ።
በሩ መዘጋቱን አየች።
«ገና ነው» አለች ቀስ ብላ፤
«አምና በኅዳር የጻፍኩት ነው፤
ሰው ያነበበው አይመስለኝም ነበር።»

አሁን እዚያ ይሠራል። በመጀመሪያው ሳምንት፣ በምሳ ሰዓት፣
አሮጌ ገመድ ፈትቶ፣ ፈትሉን ሬንጅ አጥግቦ፣
ድሮ የመርከብ ስንጥቅ እንደሚደፈን
መስኮቱን ደፈነው። ሳይታዘዝ።
ትናንት ገጹን ከፍቼ ብመለከት አዲስ ቃል ሰፍሯል፣ እንደ ወትሮው ያለ ስም፤
«ነፋሱ አሁን ደጅ ቆሞ ያፏጫል። አራት።
አለቃው ግን ዛሬም ይጮኻል።»
የማን እጅ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ማታ መብራቱን ከማጥፋቴ በፊት
የራሴን መሥሪያ ቤት ስም ፈለግሁ፤
ስንቱን ሥራ ያስያዝንበትን ያንን ሦስተኛ ወንበር፣
ክረምት ከበጋ የማይጠፋውን ማሞቂያ።
ማንም ምንም አልጻፈም።
አንድም ኮከብ የለንም።