የጆንያ ሰፊ

አስራ ዘጠኝ ዓመት የጆንያ አፍ ሰፋሁ፣
ኮምቦልቻ፣ ወፍጮ ቤት፣ ዱቄት ለብሼ ኖርሁ።
ጆንያ ሲተረተር ክር ይወቅሳል ሰዉ፤
እኔ ግን ጣቴን ሰድጄ ስዳስሰው
ክሩ እንዳለ አለ፣ ጨርቁ ነው የላላ፣
በየመርፌው ዱካ እያደር የተበላ።

ያኔ አንጀቴ ታጥፎ ሐረጎን ስወጣ
ባይሱዙ ጋቢና፣ ነፍሴም ልትወጣ፣
ደሴ ሆስፒታል ላይ ከደረት እስከ እምብርት
ከፈቱኝ፣ አጠቡኝ፣ ሰፉኝ በአንድ ሌሊት።
«ስድስት ወር ከባድ ነገር አታንሳ» አለኝ
ዶክተሩ። እሺ አልሁት። የቀን ሠራተኛ ነኝ።
ስድስት ወር ምን ይበላል? ገና በሁለት ወር
ኩንታል ስገፋ ነው፣ ሳቅፍ፣ ስወረውር።
ቁስሉም መግሎ ነበር፣ ጠገገ ሳይጠራ፤
የዱቄት ሳል ደግሞ ሌት ተቀን ከኔ ጋራ።

እና አንድ ቀን ሳስል፣ ከጠባሳው ዳር
እንቁላል የሚያክል ብቅ አለ ነገር።
ስተኛ ይገባል፣ ስቆም ይወጣል፤
እንደ ጎረቤት ልጅ መጋረጃ ገልጦ
አይቶኝ ይሸሸጋል።

ኑሪትን ደበቅኋት። ቡአ ሲባል የማውቀው
ለስድብ ነው እንጂ ማን ሲታከም አየው?
ሽርጤን ከፍ አድርጌ መታጠቄን አይታ
ገለጠችው እሷው፣ አንድ ጁምዓ ማታ።
ዝም ብላ ቆይታ «አብሽር» ብላ ሳቀች፣
«ሆድህ ነው ያበጠው፣ ወንጀል አይደል» አለች።

ዳግም ሐረጎን ወጣሁ።
ዶክተሩ ተኝተህ ሳል አለኝ፤ ሳልሁ።
«ቆዳው ድኗል፤ ከስሩ ያለው ጅማት ግን
አልገጠመም፤ አንጀትህ በዚያ በር አገኘ።
ከጠነከረ፣ ካመመህ፣ አልገባም ካለ፣
ካስመለሰህ፣ እንዲነጋ አትጠብቅ፤
ያኑ ሌሊት ና።»
ከዚያ ስለ መረብ ነገረኝ፣
ከቀዳዳው ሰፍቶ ከውስጥ ስለሚነጠፍ።
«እሱማ መጣፊያ ነው» አልሁት፣
«ጠርዝ ለጠርዝ ስቦ የሰፋ ሰው ሁለተኛ ይሰፋል።
ስንት ጣት ታሳልፋለህ ከጠርዙ?»
ብዕሩን አስቀምጦ ሳቀ።
ጣቱን አሳየኝ፤ ሦስት።
በልቤ፦ ይሄስ ያውቅበታል።

ቀጠሮዬ ለጥር ነው።
እስከዚያ፣ ሳሉ ሲመጣ
መዳፌን ሆዴ ላይ እጭናለሁ።
በቦርከና ድልድይ የሚያልፈው ሰው
ሰላምታ መስሎት
ደረቱን ይዞ ጎንበስ ይላል።
ወአለይኩም ሰላም እላለሁ፤
እጄን ግን አላነሳም።