የታርጋ ገመና

ከባቡር ጣቢያው ማዶ፣ ከቂርያት ጋት ገበያ፣
ቆሜ እውላለሁ በፀሐይ፣ ለብሼ ብርቱካን ሰደርያ።
አራት ሰማያዊ ሣጥን አስፋልቱ ላይ ተሥለዋል፤
ለበሩ ስለሚቀርቡ ጤነኛው ይመኛቸዋል።
ማዘጋጃ ቤት ሲደወል፣ “የግል መሬት ነው” ይላል፤
ባለ መሬቱ ሲጠየቅ፣ “ሕጉ የመንግሥት ነው” ይላል።
እነሱ ሲገፋፉ፣ ወይዘሮ ማልካ አራቴ ዞራ፣
ተሽከርካሪ ወንበሯን የምታወርድበት ስፍራ
አጥታ ትመለሳለች፣ ዘንቢሏ ባዶውን።
እኔም አያለሁ፤
“አንድ ደቂቃ ብቻ” ባዩ ሰዓት ሲሞላ።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ሮነን ስልክ ይዞ መጣ፦
“ታርጋውን ምታ። አረንጓዴ ከበራ ፈቃድ አለው።
ቀይ ከሆነ ፎቶ አንሥተህ ላክ፤
የቀረውን ድርጅቱ ያውቃል።”

ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።
ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ቦርሳ ስፈትሽ
ዓይኔን ያየ አልነበረም፤ አሁን ግን ቁጥር ስነካ
ባለ ጂፑ ይለምነኛል፣ ይቆጣኛል ጠበቃው፤
ማልካም ገባች በሰላም፤ ስታልፍ እጄ ላይ
አንድ ኮክ አስቀመጠች።

እስከዚያ ማክሰኞ ድረስ።

ነጭ ሱዙኪ ገባች፣ ቀጥ ብላ ሦስተኛው ሣጥን።
ዘሎ ወረደ ጎልማሳ፤ ሳየው ባየህ ነው፣
ከእኛ በላይ ያለው ባየህ፣
የእናቴን የዱቄት ጆንያ አራት ፎቅ የሚያወጣ፣
በየሠርጉ ትከሻው እንደ ወንፊት የሚነጥር።
“አንተም? ይሉኝታ የለህም?” አልኩ በሆዴ።
ጣቴ ቸኮለ። ስምንቱን ቁጥር መታሁ።

አረንጓዴ።

ከሥሩም ቀን፦ ፈቃዱ ከወጣ ሦስት ዓመት።
ያኔ ሁሉም ተመልሶ መጣብኝ፦
ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆሞ “ጫማዬ ተፈታ” የሚለው፣
ማሠሪያ የሌለው ጫማ ተጫምቶ፤
ሰኞ ሰኞ “ቤርሼባ ሥራ አለኝ” የሚለው፤
ሚስቱ አንጓች እናቴ ጉልበት ላይ
“ሰኞ ሰኞ ሌላ ሴት አለችው” ብላ ያለቀሰችው።

ልቡ ይሁን፣ ኩላሊቱ፣ ነርቩ ይሁን፣ አላወቅሁ፤
ስልኩም አይናገርም። ግን ያልሰጠኝን ወሰድኩ፤
በሩን ሳላንኳኳ ገባሁ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።
ለአንጓች ብነግራት እንኳ
ከአንዱ እንባ አውጥቼ ወደ ሌላው ልከታት?

አባቴ፣ “የጎረቤት ግድግዳ ቢሰነጠቅ
ጭቃ ለጥፍለት፤ ዓይንህን አታስጠጋ” ይል ነበር።
የዚህኛው ስንጥቅ መዳፌ ውስጥ ይበራል፤
ጭቃ አይዘውም።

ማምሻውን ሮነን ደወለ፦
“ዝርዝሩን ሁሉ ላክልኝ። ቀዩንም አረንጓዴውንም።
ማን በስንት ሰዓት ገባ፣ ስንት ቆየ።”
“አረንጓዴዎቹ ምን አጠፉ?”
“ዳታ ነው ወንድሜ። ዳታ ማንንም አይነካም።”
“አጥፋ” የሚል ምልክት ፈለግሁ። የለም።
“ላክ” ብቻ ነው ያለው።
ባትሪዬ አለቀ አልኩት።
ነገም ያልቃል፤ ከነገ ወዲያ ግን እንጃ።
የጂፑን ግን ልኬያለሁ፣ እጄም አልተንቀጠቀጠ፤
የራሴንም መኪና ከዚያ ቀን ወዲህ
ታርጋዋን ወደ አጥር አዙሬ አቆማለሁ።

ዓርብ ከሰዓት፣ ሰንበት ሳይገባ፣
ባየህ ጆንያውን ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ቀደምኩት።
“ሐኪም ‘ደረጃ ውጣ’ ብሎኛል” አልኩ።
ውሸት።
ሦስተኛው ፎቅ ስንደርስ ትንፋሹን ሰማሁና
ጆንያውን አውርጄ፣ “ጫማዬ ተፈታ” አልኩ።

ጫማዬን አየ። ጥብቅ ብሎ ታስሯል።
ከዚያ ቀና ብሎ፣ ታርጋ እንደሚያነብ ሰው፣
ከግራ ወደ ቀኝ ፊቴን አነበበ።
የደረጃው መብራት ሰዓቱ ደርሶ ጠፋ፤
ማብሪያው ከሁለታችንም ክንድ አይርቅም ነበር።
ማናችንም አልነካነውም።