አራተኛው ቁልፍ

በር በጎንደር ብርቅ አይደለም፤
ለእምቢልታው፣ ለተዝካሩ፣ ለዳኞቹ ወንበር፣ በር ያልቆመለት የለም።
እኛ የሳሙና በር እድርተኞች ግን
ያለን አንድ በር ነው፤ ቆርቆሮ፣ ዝገት የበላው፣
ከኋላው ሁለት ድንኳን፣ ሠላሳ አግዳሚ፣
ሰባት ብረት ድስት፣
አንድ ቃሬዛ፤ እሱን ማንም አይቆጥረው።

አቶ አዛናው ወርደው ዳኛ የሆንኩ ዕለት፣
"ሥልጣን በአንድ እጅ ሲያድር ይሻግታል" ብዬ፣
መዝገቡን ዘርግቼ፣ መነጽሬን ጥዬ፣
ማን ምን እንደሚከፍት፣ ማን ማንን እንደሚያስቆም
በገዛ እጄ ጻፍኩት፣ በሰማያዊ ቀለም።

የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ለእትዬ ዝማም፤
ድስት በመቁጠር እንደ እሷ የለም።
የሣጥኑን ቁልፍ ለባሻ እንግዳው፣
ሳንቲም ከእጃቸው ሲወጣ ልባቸው ለሚከዳቸው።
ሦስተኛውን ለራሴ። ለጸሐፊው ማኅተም።
ለሰጠኝ ደግሞ፣ ለዚያ ኳስ ሜዳ ላሳደገው የአንገረብ ጎረምሳ፣
ፊሽካ ሰጠሁት፤ ስብሰባው ሲንጫጫ እንዲነፋ፣
ቀይ እስክሪብቶም ጨመርኩ፤ ሦስት ወር ያልከፈለ ስሙ እንዲጠፋ።
"ዳኛም ቢሆን" ብዬ ጻፍኩ፣ "ያለ ተራው አይናገር።"
ሰው አጨበጨበ።
ሕግ ማውጣት ጠጅ ነው፤ የመጀመሪያው ብርሌ ማር።

ሰጠኝ መጀመሪያ ጫጫታን አስቆመ፣
"እሰይ!" ተባለለት፣ ጉባኤው ታረመ።
ቀጥሎ ጥያቄ አስቆመ።
በሐምሌ ብርድ ደግሞ ሳል፤
ባሻ እንግዳው አፋቸውን በጋቢ አፍነው፣
ዓይናቸው እስኪያነባ ተቀመጡ፣ እንደ ተማሪ ሆነው።
እኔ ምን አልኩ? ምንም። ጸጥታው ተመቸኝ።
እራቴ ሳይቀዘቅዝ ቤቴ ገባሁ፤ ማንም ይጠይቀኝ።

ነሐሴ ሲያልቅ፣ አዘዞ መንገድ ላይ፣
የእትዬ ዝማም ልጅ ጌታሰው ከነባጃጁ ቀረ፣ ላይታይ።
ጡሩምባ አልተነፋ፣ ድንኳን አልተተከለ፤
ሰጠኝ መዝገቡን ገልጦ "ተሰርዘዋል" አለ።
"ሦስት ወር። ቀዩ ይኸው።"
አልዋሸም። ሦስቱን ወር የባጃጁ ዕዳ ነው የበላው።

እሷ የእድሩ ደጅ ተቀምጣለች፣ በዶፍ፣
በቀኝ እጇ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ።
የሰፈሩን ሐዘን ሁሉ ስትከፍት የኖረች
"ክፈቺው እንጂ!" ብንላት፣
"ስሜ የለም" አለች።

ልናገር ብድግ አልኩ፤
ፊሽካው ጮኸ፦
"ዳኛው ያለ ተራው!"
የእኔው ቀለም፣ የእኔው ፊደል፣ ሰማያዊው፣ ያ ያማረው።
ተቀመጥኩ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ተቀመጥኩ።

ያኔ ነው አቶ አዛናው ከጥግ የተነሡት።
ፊሽካው ተነፋ፤ አልሰሙም፣ ጆሯቸው ካረጀ ቆየ፤
(ወይ ሰምተዋል፤ ማን አየ?)
ከካፖርታቸው ኪስ፣ ጥቁር ክር ያሠሩበት፣
ዘጠኝ ዓመት የያዙት፣ ስንሽራቸው "መልሱ" ማለት የረሳንበት
ቁልፍ ወጣ።
ቆርቆሮው ሲጥ አለ። ድንኳኑ በትከሻ ወጣ፤
ያ የማይቆጠረውም ወጣ።
ሰጠኝ ፊሽካውን ከአፉ ሳያወጣ፣
ድምፅ የለው፣ ነገር የለው፣
አንድ ካስማ ተሸክሞ መጣ።

ከአርባው በኋላ ተሰበሰብን።
ፊሽካውን ሣጥን ውስጥ ቆለፍን፣
ቀዩ ያለ ሦስት ፊርማ እንዳይነካ ወሰንን።
የዝማምን ስም ራሴ መለስኩት፤
ሰማያዊው ከቀዩ ላይ ተደርቦ
እንደ በለዘ ገላ ሆነ፣ አላማረበት።

"የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ስንት ነው?" አለ ጸሐፊው፤ ለመዝገቡ።
"አንድ፤ እሷ ዘንድ።"
"የሣጥኑ ሁለት ነው፤ ያ አራተኛውስ?"
"ጠፍቷል። ጻፍ።"
ጻፈ። ማኅተም መታበት።

ደግ አደረግሁ አልልም። ነገ የከፋ እጅ ይገባ ይሆናል፤
ከነገ ወዲያ እኔው እመኘው ይሆናል።
አቶ አዛናው ጠዋት ጠዋት፣ ወደ አራዳ ሲወርዱ፣
በደጄ ያልፋሉ፤
ኪሳቸው ውስጥ አንዳች ነገር ከሳንቲም ጋር ይጋጫል።
እሰማለሁ።
እንደምን አደሩ እላለሁ።