የቤቱ ባለቤት

ቤታችን ከኮረብታው ተነቅሎ የሄደ ዕለት፣
አሥራ ሁለት ጥማድ በሬ ተጠምዶለት፣
ግንድ ተነጥፎለት፣ ገመድ ተስቦለት፣
የቺሎዌ ጎረምሳ ሁሉ ትከሻውን አውሶለት፣
«ውጪ!» አሉሽ፣ ዶራሊሳ፤
የገፋ ሆድሽን አይተው፣
«ባሕር ነው እኮ የሚገባው፣ ኧረ ተይ!» ብለው።

አንቺ ግን ምድጃው ላይ ድንች ጥደሻል።
በመስኮት ብቅ ብለሽ፣
እጅሽን በሽርጥሽ እየጠረግሽ፣
«እኔ ወጥቼ፣ ማን ሊኖርበት ነው የምትወስዱት?» አልሽ።

ከነነፍስሽ፣ ከነጭስሽ ተጎተትሽ።
ብርጭቆው እየረገፈ፣
ግድግዳው እንደ ሽማግሌ ጉልበት እያቃሰተ፣
እስከ ውሃው አፍ።
ከዚያ ተንሳፈፈ።
እኔ በጀልባዬ ከፊት እየጎተትኩ
ዘወር ባልኩ ቁጥር ጭስ ማውጫው ይጨሳል፤
አንድ መስኮት፣ አንድ ፊት፣
በሞገድ ላይ ይሄዳል።
ማዶ ስንደርስ ድንቹ በስሎ ነበር።

ያንን ቀን ነው የማስበው፣
ሰዎች ለቅሶ ሲደርሱኝ፣ «ደግ ነበረች» ሲሉኝ።
ደግስ ነበርሽ።
ግን በካርታ ጨዋታ እንደምትሰርቂ መች አወቁ?
በአንድ የልብስ ስፌት መኪና ሰበብ
እህትሽን ዘጠኝ ዓመት እንዳኮረፍሽ?
እኔ ከባሕር ስዘገይ፣ እንደ ሌሎቹ ሚስቶች፣
ሻማ አላበራሽም፤
ዳርቻው ላይ ቆመሽ ባሕሩን ትሰድቢው ነበር፣
እንደ ሰካራም ጎረቤት።
እሱም ሳያፍርሽ አልቀረም፤
ሁሌም መለሰኝ።

በሩ ጀርባ ላይ የእርሳስ ጽሕፈትሽ አለ፦
የባሕሩ ሙላት፣ የባሕሩ ሽሽት፣
በመሃሉ የሮሳሜል ቁመት፣ የኢልዳ ቁመት፣
በዱቤ የወሰድነው ዱቄት።
ልጆቹ ከቁጥሮቹ በላይ ወጡና
ሄዱ።

በሐምሌ ዝናብ፣ ከሆስፒታል፣
በዚያው ሰርጥ፣ በዚያችው ጀልባ መለስኩሽ።
ዘወር ብዬ አላየሁም።
ጭስ እንደሌለ አውቄ ነበር።

በቀበርኩሽ ማግስት ሐሙስ ነው።
አስቀድመሽ ጽፈሽዋል፦
«ሽሽት፣ ንጋት አሥራ አንድ ከሩብ።»
ባሕሩ በጻፍሽለት ሰዓት ሸሸ፤
እኔም ባልዲዬን ይዤ ወረድኩ፣
በጨለማ ዛጎል ለቀምኩ፤
ቤት ገብቼ ብቆጥረው
የሁለት ሰው ራት።

አሁን ልጆቹ «ሽጠውና ከተማ ና» ይሉኛል።
ትናንት ገዢ መጣ፤
የጫማውን ጭቃ ሳይጠርግ ገባ፣
ምሰሶውን በጣቱ ቆረቆረ፣
በሩን አገላብጦ አየና
«ይሄ ጭረት በቀለም ይጠፋል» አለ።
ቀጥሎም፣ «ባለቤቱ አንተ ነህ?»

ምን ልበለው?
ባለቤቱማ ባለቤቴ ነበረች፤
እኔ ከፊት የምጎትተው ነኝ።

እንደወጣ ምድጃውን ለኮስኩ፣
ድንች ጣድኩ።
ጭሱ ሽቅብ ሲል፣
ወለሉ ከእግሬ ሥር
ትንሽ የተነቃነቀ መሰለኝ።