ሦስት ቁልፍ

ከለገሃር ጀርባ፣ ከአሮጌው መጋዘን፣
ፀሐይ ስትበርድልን ከየሥራው ወጥተን፣
ዘጠኝ ነበርን ያኔ፣ ባንድ ፋኖስ የታጨቅን።

አስተማሪያችን ጋሽ ሸምሱ፣ የባቡር ጡረተኛ፣
በእግራቸው አንካሳ፣ በሰዓት ቀጥተኛ፤
ጠመኔ ሲያልቅባቸው በከሰል የሚጽፉ ለእኛ።

አንድ ማታ መጡና፣ "ስለ አሜሪካ ነው ዛሬ፤
ስለ ፎቁ አይደለም፣ ስለ ዶላሩ ወሬ።
ሕገ መንግሥቱን ነው።" ብለው ሣሉ ካዝና፣
በከሰል፣ በግድግዳው፣ ሦስት ቀዳዳ አበጁና።

"በሸሚን ደፈር ዘመን፣ ደመወዝ ሲመጣ በጆንያ፣
ባንድ ቁልፍ አይከፈትም፣ ቢቆም እንኳ አለቃ እዚያ።
አንዱ ከሼፉ ነው፣ አንዱ ከሒሳብ ሹሙ፣
አንዱ ከተቆጣጣሪው፤ ሦስቱ ካልቆሙ
ሳንቲም አይወጣም።

እዚያም እንደዚሁ ነው፤ ሕግ አውጪው ሸንጎ
ብሩን ይዟል በእጁ፣ በጽሑፍ ተደንግጎ፤
ይነዳል ፕሬዚዳንቱ ባቡሩን በሐዲዱ፣
ሐዲድ ግን አይዘረጋም እስከ ቤተ ዘመዱ፤
ዳኛውም ጦር የለው፣ ካዝና የለው በደጁ፣
ያለው መጽሐፉ ነው፣ 'አይሆንም' የሚል በእጁ።
ሸንጎው ሕግ ቢያወጣ፣ 'እምቢ' ይላል ሹሙ፤
ሁለት ሦስተኛው ግን ባንድነት ከቆሙ
እምቢታው ይወድቃል።"

ሮብሌ ሳቀና፣ "ይኼማ ጠብ ነው!" ብሎ፤
"ጠብ ነው" አሉት ጋሽ ሸምሱ፣ "በደንብ ተጠቅልሎ።
ፍሬን የሌለው ባቡር በሽንሌ ቁልቁለት
ጸጥ ብሎ ነው የሚወርድ፣ እስክትመጣ ያች ሰዓት።
ሲጮህ ከሰማችሁ ፍሬን ነው፤ አትፍሩት።"

ፈትያ ልብስ ሰፊዋ፣ ከከፊራ ገበያ፣
"'እኛ ሕዝቡ' ሲሉ ሴት ነበረች ወይ እዚያ?
ነበረ ወይ ባሪያ?"

ጋሽ ሸምሱ ዝም አሉ። ከሰሉን አስቀመጡ።
"ባሪያው ተቆጠረ፤ ከአምስት ሦስት እጁ።
ሴቷም ድምፅ አልነበራት።"
"ኋላስ? ቀደዱት?"
"አልቀደዱም፤ ጣፉት።
ደም ከፈሰሰ ወዲያ፣ ዘግይተው ነው የጣፉት፤
አሮጌውን ሳይፍቁ፣ አዲሱን ከሥር ጻፉት።"

"ገባኝ" አለች ፈትያ፣ "ይታያል መጣፊያው።
ጎበዝ ሰፊ ይደብቃል፤ ሐቀኛው ግን ያሳያል ቀዳዳው
የት እንደ ነበረ።"

የእኛም ካዝና ነበረን፣ የብስኩት ቆርቆሮ፣
ለላምባ፣ ለጠመኔ፣ ሳንቲም ተቋጥሮ።
ቆርቆሮው፣ ቁልፉ፣ መዝገቡ፣ ሁሉም ከአሸብር ዘንድ፤
ጎድሎበት አያውቅም፣ አምስት ሳንቲም እንኳ፣ አንድ።
"ቁልፉን ተቀበሉት" አሉ ጋሽ ሸምሱ ድንገት።
አሸብር ተነሣ፣ ፊቱ እንደ ጥላሸት።
"ሌባ ነኝ እንዴ?"

"አይደለህም። ለዚያ ነው ዛሬ የምንቀበልህ፤
ሌባ እጅ ከገባ ወዲያ፣ እሺ ብሎ አይሰጥህ።
ደንብ የሚጻፈው ላንተ ደግነት አይደለም፤
ላልመጣው ነው፣ ስሙን እኛም ለማናውቅም።
ደቻቱን እዩት፤ አሸዋ ነው ዓመቱን፣
ልጅ ኳስ ይመታበታል፣ ግመል ያሳርፋል ሆዱን።
ግድቡ የሚሠራው ግን በደረቁ ወራት ነው፤
ጎርፉ ከተራራ የሚወርድ፣ ሰው ሲተኛ ነው።"

ቁልፉን ፈትያ ያዘች፣ ቆርቆሮውን ሮብሌ፤
መዝገቡ ለእኔ ደረሰ፣ ከነላምባ ጠረኑ።
አሸብር ሁለት ሳምንት ቀረ፣ ኮርፎ።
በሦስተኛው መጣ፤ ሳይቀመጥ፣ ከበሩ ተደግፎ፣
"ሦስቱ ቢስማሙስ፣ ጋሼ፣ አብረው ለመስረቅ?"

ጋሽ ሸምሱ ብዙ አሰቡ።
ከውጭ አንድ ባጃጅ አለፈ፣ ውሾች ተንጫጩ።
"ያኔ" አሉ፣ "የቀራችሁት ስድስት ካልነቃችሁ፣
ቁልፍም ብረት ነው፤ ወረቀትም ወረቀት ነው።
ሌላ መልስ የለኝም።"

ፋኖሱ ተንጠፈጠፈ። በጨለማ ወጣን።

መዝገቡ እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ ነው፤ ዳሩን ምስጥ በልቶታል።
የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ በሁለት ሰው ጽሕፈት፦
"ላምባ፣ አራት ብር። ጠመኔ፣ አንድ ብር ከሃምሳ።"
ከሥሩም፣ እርሳሱን ጠበቅ አድርጎ፦
"አይቼዋለሁ። አሸብር።"