ግራ እግር

ጠባሴ፣ ማለዳ። ውርጩ እንደ ጨው ሰፍሮ፣
መስታወቱን ስፍቅ በመታወቂያዬ፣ ጣቴ ደንዝዞ አብሮ፣
ሞተሪኖው ያቃስታል ቁልፉን ሳዞረው፣
ከአልጋ እንደሚቀሰቀስ ጡረተኛ ሰው።
አንዴ፣ ሁለቴ፤ በሦስተኛው ተነሳች፣
ነጭ ጭስ ተፋች፣ ደግማ አስነጠሰች።

ኮሮላዬ ናት፣ የዕድሜዬ እኩያ፣
አራት በር፣ አምስት ማርሽ፣ ለሰባት ሰው መጠጊያ።
ከአቶ ገብረየስ እጅ ስገዛት
ታክሲ ነበረች፤ ሰማያዊው ይታያል በሯ ሲከፈት።
የማርሹ ዘንግ ጫፍ ላይ ቁጥሩ ተፍቋል፣
መዳፌ ግን ያነበዋል።

ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ፤ ሞሎዋን አስቆረጥኩ፣
እንደምታደባ ድመት ዝቅ አደረግኩ፤
ማርሚታዋን አስቀደድኩ፣ በሬሳ ድልድይን ስታልፍ
ከተማው እስኪነቃ፣ የተሰጣ ልብስ እስኪረግፍ።
አንድ ክረምት በቃኝ፤
የጉዶ በረት ድንጋይ ሆዷን ሲፍቃት አንጀቴን በላችኝ።
ሌላ ሞሎ ገዛሁ፣ ከፍ አደረግኋት በሁለት ጣት፣
የዘይት ቋቷን በላሜራ፣ እንደ ሽርጥ አስታጠቅኋት።

ሕመሟ የጀመረው ከግንቦት ወዲህ ነው።
ጣርማ በር ዳገት ላይ፣ ጉም መንገዱን ሲውጠው፣
ሞተሩ ይጮኻል፣ እሷ አትሄድም፤
ነዳጅ እሰጣለሁ፣ ጎማው አይሰማም።
ሽታ ይመጣል፣ የተቃጠለ ጥፍር የመሰለ፤
ከኋላዬ አይሱዙው በጥሩምባ ሰድቦኝ ኮበለለ።

ያልጠየቅኩት የለም።
አጎቴ "ካንዴላ ነው" አለ፤ ቀየርኩ፣ አልተሻላትም።
የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር "ፖምፓው አየር ስቧል"፤
አየሩ ወጣ፤ ዳገቱ እዚያው ቆሟል።
"ካምቢዮ ነው፣ ይውረድ" አለ ጎማ ለጣፊው፤
ዋጋውን ሲጠራ እኔው ወረድኩ፣ ካምቢዮው እንደተሰቀለ ነው።
ግራ ገባኝ።

ደብረ ሲና፣ ከመነኻሪያው ግርጌ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣
ጋሽ ላቀው አለ፣ አንድ ጆሮው የማይሰማ፣ ጋራዡ ያለ በር።
ካቻቢቴውን ካምቢዮው ላይ ተክሎ፣ እጀታውን በጥርሱ ነክሶ
ያዳምጣል፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ቀልሶ።
"ካምቢዮስ ደህና ነው" አለ። "ክሪኩን አምጣ" አለ።
ዳዶ በዳዶ ሲፈታ ፀሐይ አዘነበለ።
የፍሪሲዮኑን ሸራ አወጣ፤ እንደ አሮጌ ሳንቲም ሳስቷል፣
ፊቱ በቃጠሎ ጠቁሯል።
"መቼ ቀየርከው?"
"አምና።"
ዝም አለ ለጥቂት።
ከዚያ ጫማዬን አየ፤ የግራውን፣ ሶሉ ያለቀበት።
"ልጄ" አለ፣ "በሽታዋ እግርህ ነው።"

አዲሱን ሸራ ገጥሞ ከጎኔ ተቀመጠ፤ ወደ ዋሻው ነዳሁ።
ማርሽ ቀይሬ ስጨርስ፣ ግራ ጉልበቴ ላይ እጁን አየሁ።
"አንሳው።"
"ምኑን?"
"እግርህን። ትሄዳለህ ወይስ ትቆማለህ?
ግማሽ ረግጠህ፣ ግማሽ ለቀህ፣ እሷን ለምን ታቃጥላለህ?"

አልነገርኩትም፤ ካቻምና፣ ዋሻው አፍ ላይ፣ በጉሙ ቀን፣
ከፊታችን ሲኖትራክ ድንገት ሲቆም፣ እኔና እህቴ ዘርፌ ሆነን
ቁልቁል በጀርባችን ስንንሸራተት
ዘርፌ እንኳ አልጮኸችም፤ እጄን ብቻ ያዘች፣ ማርሹ ላይ እንዳለ፣ አጥብቃ እንደ ብረት።
አንድ ድንጋይ ነው ያቆመን፣ ማን እንዳስቀመጠው የማላውቀው፤
ከዚያ ወዲህ ግራ እግሬ ከፔዳሉ አልወረደም፣ ሳላውቀው።

ዳገቱ መጣ። እግሬን ወለሉ ላይ ጣልኩት፤
ባዶነቱ አስፈራኝ፣ በጨለማ ደረጃ እንደሳቱት።
ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ። አንገራገረች። ያዘች።
ያለ ሽታ፣ ያለ ጩኸት፣ ጉሙን እየቀደደች ወጣች።
"ገባ?" አለኝ።
የማይሰማው ጆሮው በእኔ በኩል ነው።
"ገባ!" አልኩት። አልሰማኝም።
"ገባኝ!" ስል ነው የሳቀው።

ከሸራው ዋጋ አንዲት ብር አልቀነሰም።

ዛሬም ውርጭ ነው። ዛሬም በሦስተኛው ተነሳች።
ጉዶ በረትን ሳልፍ፣ ግራ እግሬ ሹልክ ብላ ፔዳሉ ላይ ወጣች፤
"አንሳው" አልኩ፣ ለራሴ፣ ጮክ ብዬ፣
ተሳፋሪዬ ዞሮ አየኝ፣ ዕቃውን ያነሳ መስሎት ከጉልበቱ ላይ።