ቋጠሮው

በቀን ሒሳብ ሰው ይፈለጋል ሲባል፣ ለአባ ሳሙኤል ግድብ፣
እኔም ተሰለፍኩ፣ እንቦጭ ልነቅል፣ ሥሩን በእጄ ልስብ።
ቦቲው የሟች ይመስል ሰፊ ነው፤ ጓንቱ አንድ ጣት ጎድሎታል፤
አለቃችን ደገፋ ጠዋት ጠዋት ስማችንን ይጠራል።

ውሃው የቱ ጋ እንደሚጀምር አይለይም። ሜዳ ነው፣ አረንጓዴ።
ፍየል እንኳ ተታላ ገብታበት ነበር አንዴ።

ቅዳሜ ዕለት ከቃሊቲ ወዲህ ሙሽሮች መጡ በመኪና፣
ፎቶ አንሺው ወይን ጠጁን አበባ ከሩቅ አየና
"ኧረ እንዴት ያምራል!" ብሎ ሙሽሪትን አስጠጋት፣
ቬሎዋን ከጭቃው ሁለት ሚዜ እያነሱላት።
እኛ ጎንበስ በሉ ተባልን፤ ፎቶውን እንዳናበላሽ፤
ጎንበስ አልን።
እንቦጩ ፎቶ ገባ። እኛ ቀረን።

ሐይቁን የበላው ይኼ ነው ይላሉ። ሁሉም በእሱ ያሳብባል።
እኔም አሳብባለሁ፤ ምላስ የለው፣ ምን ብሎ ይከራከራል?
የቆዳ ፋብሪካው ቀለም፣ የቄራው ደም፣ የሰፈሩ ሽንት፣
ይኼን ሁሉ ቀለብ ከላይ የላክንለት እኛ ነን፣ በየዕለት።
እንግዳ ነው፤ የቀረበለትን በላ።
እኔስ?

እኔ ከእሱ በፊት ነበርኩ እዚህ።
ሌሊት እየወረድኩ፣ በተነፋ ካላማዳሪ ተንሳፍፌ፣
ዓይኑ ጠባብ መረቤን፣ ትንሿ ጣቴ የማታልፍበትን፣ ዘርግቼ።
መጀመሪያ አምባዛ አወጣሁ፣ ጢማሙን፣ ክንድ የሚያህለውን፤
ቀጥሎ ቆሮሶ፣ መዳፍ የሚሞላውን፤
ቀጥሎ የጣት ያህሉን፤
ቀጥሎ፣ ዓሣ መሆኑን ገና ያልሰማውን።
"ተው፣ ሕግ አለ" ላለኝ ሁሉ "ሆድስ?" እያልኩ መለስኩ።
ውሸቴን ነው። ሆዴ ሞልቶ ነበር።
ቴሌቪዥን ገዛሁበት።

ሲፈን የምትባል ልጅ አለች፤ በጥር በጥር ትመጣለች፣
መነጽር በአንገቷ፣ ደብተር በብብቷ፤ ወፍ ትቆጥራለች።
የዘንድሮውን ጠየቅኳት። "ይብራ አሥራ አራት። ሽመላ ሦስት።"
"ያ ንስሩስ? ዓሣ በሉ?"
ደብተሩን አሳየችኝ፤ ከስሙ አጠገብ ሰረዝ አለ።
"ምን በልቶ ይኑር?" አለች፣ እኔን ሳይሆን ውሃውን እያየች።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ሥሩ ከበደኝ። ተጣራሁ፤ አራት ሆነን ሳብን።
እንቦጩ ብቻውን አልመጣም።
መረብ ይዞ መጣ፣ ጭቃ የለበሰ፣
ውስጡ የይብራ ክንፍ፣ ላባው የበሰበሰ፣
የዓሣ አከርካሪ እንደ ማበጠሪያ የተደረደረ፤
ጌታው ጥሎት ሲሄድ፣ እሱ ግን ሥራ ያልፈታ፣
ሰባት ዓመት ሙሉ ለማንም ሲያጠምድ የኖረ።

"የማን ነው ይኼ?" አለ ደገፋ።
ጥጉ ላይ ሰማያዊ ክር አየሁ፣
ባለቤቴ አስካለ ከሹራቧ ተርትራ የቋጠረችው፣
ሦስት ዙር፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የተመለሰ።
እንዲህ የሚቋጥር በአቃቂ ሌላ ሰው የለም።
"እንጃ" አልኩ።

ሲፈን ግን እጇን ሰደደች። "ቆይ፣ ይቺ አልሞተችም።"
አንዲት ቆሮሶ፣ የጣቴ ታናሽ፣ ጉንጯ ይከፈታል፣ ይዘጋል።
ቋጠሮው ውሃ ጠጥቶ ጠብቋል፤ ጥፍር አይገባውም።
በጥርሴ ያዝኩት። ፋብሪካው፣ ቄራው፣ ሁሉም አፌ ውስጥ ገባ።
ስፈታው ሰው አየኝ፤ የት ጋ እንደሚነከስ የሚያውቅ
ባለቤቱ ብቻ ነው። ደገፋ ፊቱን አዞረ። ሲፈን አላዞረችም።

ለቀቅኳት፣ የነቀልንላት ቦታ ላይ፣ የአልጋ ልብስ በምታህል ውሃ።
ዓርብ ጠዋት ስንመጣ እንቦጩ ከድኗታል።
እንደገና ጀመርን፣ ከዚያው ጋ።

ክሩን ግን በኪሴ ይዤው ገባሁ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ አኖርኩት።
አስካለ አየችው፤ ቋጠሮዋን አወቀችው።
ምንም አላለችም፤
ዜናው ሳያልቅ አጠፋችው።